«ተክል ነው፣ ሕጋዊ ነው፣ እኔም አጭሼ ምንም አልሆንኩም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከረመ። እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው አሜሪካ ያደገ ወጣት ሐበሻ ነው። መልእክቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። ወላጆች ልጃቸው ማሪዋና አጨሰ ብለው አገር ይያዝልን ማለታቸውን ይተዉ። ነገሩ ተክል ነው፤ ሕጋዊ ሆኗል፤ ሁሉም ልጅ ያጨሳል። ጭንቀት ያስታግሳል። አንጎል ይጎዳል የተባለው ጥናት ውድቅ ሆኗል። እሱ ራሱ ከ15 ዓመቱ ጀምሮ አጭሶ ዛሬ ጥሩ ሥራ አለው። ልጆቹን የሚጎዳቸው ጭሱ ሳይሆን የወላጅ ጩኸት ነው። እንዲያውም አባትና ልጅ ቤት ውስጥ አብረው ቢያጨሱ ይሻላል።

ጽሑፉ ይነበባል። ቀልዱም ጥሩ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ እውነቱን ነው፤ እዚያ ስደርስ እናገራለሁ። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነገር ረስቷል፤ ዕድሜን። የ30 ዓመት ሰው ከሥራ ተመልሶ ማታ የሚያጨሰውና የ15 ዓመት ልጅ ጠዋት ከክፍል በፊት ሽንት ቤት ገብቶ የሚስበው አንድ ነገር አይደለም። ጸሐፊው ስለ አዋቂ የተባለውን ሁሉ እያነሳ ለልጅ ያለብሰዋል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሜሪላንድ ውስጥ በትምህርት ቤቶች ለሐበሻ ወላጆች አስተረጉማለሁ። ልጅ፣ ወላጅና የትምህርት ቤት አማካሪ አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲነጋገሩ መሀል የምቀመጠው እኔ ነኝ። ነገሩ ሲደጋገምብኝ ጥናቶቹን ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ምላሼ ከዚህና ከዚያ የተቃረመ ነው።

«ሕጋዊ ሆኗል፤ ሁሉም ያጨሳል»

ሕጋዊ የሆነው ለማን ነው? ጽሑፉ ውስጥ ይሄ የለም። የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ድምፅ ሰጥቶ በ2015 ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል የተፈቀደው 21 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። ቨርጂኒያ በ2021፣ ሜሪላንድ በ2023 ሲፈቅዱም ያው 21 ነው ያሉት። አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ የፈቀደ ግዛት ሁሉ ከ21 በታች ላለው ከልክሏል። ስለዚህ ሕጉን ለልጅ መከራከሪያ ማድረግ ገልብጦ ማንበብ ነው። ሕጉ ያለው «ልጅ አይንካው» ነው።

ሌላም አለ። ይሄኛው እኛን በተለይ ይመለከተናል። በፌዴራል ደረጃ ማሪዋና ዛሬም ክልክል ነው። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በኤፕሪል 2019 ያወጣው መመሪያ እንደሚለው፣ ግዛቱ ቢፈቅድም እንኳ ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ድርጊት ዜግነት ለማግኘት የሚጠየቀውን የመልካም ጠባይ መስፈርት ሊያበላሽ ይችላል። ጎረቤቱ እዚሁ አሜሪካ ተወልዶ ዜጋ የሆነ ልጅ ነው። የእኛ ልጅ ገና በግሪን ካርድ ነው። ሁለቱ አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ቢያጨሱ የሚከተላቸው ነገር እኩል አይደለም። ይህን የሚያውቅ የሐበሻ ልጅ ብዙም አላጋጠመኝም።

«ሁሉም ያጨሳል» የሚለው ደግሞ ስህተት ነው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የአገሪቱን ተማሪዎች ይጠይቃል። በ2019 ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ባለፈው አንድ ዓመት ማሪዋና ተጠቅሜያለሁ ያሉት ከ100 ወደ 36 ይጠጋሉ። በ2024 ወደ 26 ወርዷል። ሕጉ ሲላላ ልጅ ሁሉ ይጠፋል ብለው ሰዎች የፈሩት አልሆነም፤ ይህን ለጸሐፊው እሰጠዋለሁ። ግን ያው ቁጥር የእሱንም አባባል ያፈርሳል። ከአራት የ12ኛ ክፍል ልጆች ሦስቱ ዓመቱን ሙሉ አልነኩም። ልጅ «ሁሉም ያጨሳል» ሲል ጓደኞቼ ያጨሳሉ ማለቱ ነው።

«ተክል ነው»

ተክል መሆኑን ማን ካደ? ትምባሆም ተክል ነው። አስተናግርም ተክል ነው፤ ቀምሶ ያበደ ሰው ወሬ ያልሰማ ያገሬ ሰው የለም።

ደግሞ ዛሬ ልጆቹ እጅ ያለው ነገር ተክል ለመባልም ይከብዳል። በማሪዋና ውስጥ ያለው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል። በ1964 እስራኤል ውስጥ ራፋኤል ሜሹላምና ይሒኤል ጋዮኒ ናቸው ለይተው ያወጡት። ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ፖሊስ የያዘውን ማሪዋና ለዓመታት ሲመረምር፣ በ1995 በአማካይ 4 በመቶ ገደማ የነበረው ቲኤችሲ በ2014 ወደ 12 በመቶ ደርሶ አገኘው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ቅጠል 20 በመቶ መሆኑ የተለመደ ነው። ቬፕ የሚባለው በባትሪ የሚሠራ ማጨሻ ውስጥ የሚገባው ዘይት ከ60 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ጸሐፊው የሚያወራው ስለ ድሮ ቅጠል ነው። ልጆቹ የሚስቡት የተጨመቀውን ነው።

«ወላጆቻችንስ ጫት ይቅሙ የለ እንዴ» የሚለውን ባልመልሰው ደስ ይለኛል። ጫት ለ15 ዓመት ልጅ ጥሩ ነው ያለ ሰው የለም።

«ጭንቀት ያስታግሳል»

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ልጆቹን በደንብ ሰምቷቸዋል። ለምን ታጨሳለህ ሲባሉ «ቺል እንድል»፣ «እንቅልፍ እንዲወስደኝ»፣ «ጭንቅላቴ ዝም እንዲል» ነው የሚሉት። አይዋሹም። ለጊዜው ያስታግሳል።

አንድ ስብሰባ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ቦርሳው ውስጥ ቬፕ ተገኝቶ ነው የተጠራነው። አማካሪዋ ቬፑን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጣት የምታክል፣ ጥቁር፣ ፍላሽ ዲስክ የምትመስል ነገር ናት። እናትየው አዩዋትና «ይቺንማ አውቃታለሁ!» አሉ። ልብስ ሊያጥቡ ሲሉ ከሱሪው ኪስ አግኝተዋታል። የትምህርት ፋይሉ ያለባት መስሏቸው፣ ውሃ እንዳይነካት በፌስታል ጠቅልለው ላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጠውለታል። ልጁ መሳቅ ጀመረና ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ።

ከዚያ አማካሪዋ መቼ መቼ እንደሚስብ ጠየቀችው። ጓደኞቹ ጋር ሲሆን፣ ፓርቲ ላይ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ራት ከመብላታችን በፊት» አለ። «አባዬ ስለ ትምህርቴ ሲጠይቀኝ ሳልስብ መቀመጥ አልችልም።» ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። አባትየው ወደ እኔ ዞረው «እህቴ፣ እኔ እኮ ‹እንዴት ዋልክ› ብቻ ነው የምለው» አሉ።

ጸሐፊው ይህን ቢሰማ «ይኸው፣ ረድቶታል» ይላል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ይሄ ልጅ በ16 ዓመቱ «እንዴት ዋልክ» የሚለውን ጥያቄ ሳይስብ መቋቋም አልቻለም። ያንን መማር ያለበት ደግሞ አሁን ነው። መናደድና ንዴትን ይዞ መቆየት፣ ማፈርና ከሀፍረት በኋላ ሰው ፊት መቅረብ፣ እምቢ መባልን መዋጥ፣ ሲደብር መደበርን መቻል፤ እነዚህ በልምምድ የሚመጡ ነገሮች ናቸው። ልምምዱ የሚበዛው በእነዚህ ዓመታት ነው። ታዝሎ የሚሄድ ልጅ እግር አያወጣም።

አንጎሉም የሚሠራው በዚያው ጊዜ ነው። ፍርሃትንና ንዴትን የሚያቀጣጥለው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ የሚባለው፣ በጉርምስና ቶሎ ይነቃል። ቆም በል፣ አስብ የሚለው ከግንባር ኋላ ያለው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ መሠራቱን አይጨርስም። ሰውነታችን ራሱ የሚያመርታቸው ማሪዋናን የሚመስሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ስሜት ሲግል ያበርዳሉ፣ አንጎል ሲያድግም የትኛው መስመር ይጠንክር፣ የትኛው ይቀነስ የሚለውን ያግዛሉ። ቲኤችሲ የሚቀመጠው በእነሱ ወንበር ላይ ነው። የሚቀመጥባቸው ወንበሮች ደግሞ በብዛት የሚገኙት እዚያው ስሜትን፣ ትውስታንና ውሳኔን በያዙት ክፍሎች ነው። አዋቂ ላይ ያለቀ ቤት ነው የሚያገኘው። ልጅ ላይ ግን ገና ሠራተኛው አልወጣም።

ደግሞ «ያስታግሳል» የሚለው በመጠን ነው። ቺካጎ ውስጥ ተደርጎ በ2017 የታተመ አንድ ሙከራ ደስ ይለኛል። 42 ጤነኛ አዋቂዎችን አስጨናቂ ቃለ መጠይቅ ፊት አስቀመጧቸው። 7.5 ሚሊግራም ቲኤችሲ የወሰዱት ጭንቀታቸው ቀለል አለ። 12.5 ሚሊግራም የወሰዱት ግን ባሰባቸው፤ ገና ከመጀመሩ በፊት መረበሽ ጀመሩ። ልዩነቱ 5 ሚሊግራም ነው። ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቆ ቬፕ የሚስብ ልጅ በምን ሚዛን ይለካል?

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሳው ነገር ደግሞ አለ። አዘውትሮ የሚያጨስ ልጅ ሲያቋርጥ የሚሆነውን። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው የሕመሞች መለያ መጽሐፍ ውስጥ የማሪዋና ማቋረጥ ሕመም ራሱን ችሎ ተመዝግቧል። ምልክቶቹ መነጫነጭ፣ ቁጣ፣ መረበሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድብርት ናቸው። በአንድ ሁለት ቀን ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ይከፋል።

እንግዲህ አስቡት። ልጁ ሁለት ቀን አልሳበም። እናቱ «ስልክህን አስቀምጥ» ስትለው በር ደርግሞ ይገባል። እናት «ባለጌ ሆነብኝ» ትላለች። ልጁ በበኩሉ «ሳላጨስ ሰው መሆን አልችልም ማለት ነው» ይላል። ይስባል። ይረጋጋል። መድኃኒቴ ነው ይላል። ያረጋጋው ግን ራሱ ያመጣበትን ንጭንጭ ነው። ይህን አዙሪት ለልጅ አንዴ ከነገሩት ይገባዋል፤ ከወላጁ ይልቅ እሱ ቶሎ ይገባዋል።

«ሐኪም ለሕፃናት ሳይቀር ያዝዘዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከካናቢስ፣ ማለትም ከማሪዋናው ተክል፣ የተወሰደ አንድ መድኃኒት ለሕፃናት ፈቅዷል። የፈቀደው ለከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነው። መድኃኒቱ ውስጥ ያለው ሲቢዲ የሚባለው የማያሰክረው ንጥረ ነገር ነው። ለጭንቀት ወይም ለድብርት ብሎ የፈቀደው የማሪዋና መድኃኒት የለም።

ውሎ አድሮስ? ሞንትሪያል የሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 አሥራ አንድ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ከ23 ሺህ በላይ ሰዎችን አዩ። ከ18 ዓመታቸው በፊት ማሪዋና የተጠቀሙት፣ ካልተጠቀሙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በኋላ ድብርት የመያዝ ዕድላቸው በ37 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ራስን ለማጥፋት የመሞከር ዕድል ደግሞ ከ3 እጥፍ በላይ። ስለ ጭንቀት ግን ያገኙት ልዩነት አስተማማኝ አልነበረም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ቀድሞውኑ ያዘነ ልጅ ነው ወደ ማሪዋና የሚሄደው የሚል ክርክር ይነሳል። ተመራማሪዎቹ ቀድሞ የነበረውን ድብርት ለመለየት ሞክረዋል፤ ሙሉ በሙሉ መለየት ግን ከባድ ነው። ቢሆንም ያዘነ ልጅ ነው የሚያጨሰው ካልን፣ «ተዉት» የሚለው ምክር ይብስ አስፈሪ ይሆናል። አሜሪካ ያላችሁ፣ ልጃችሁ መኖር አልፈልግም የሚል ነገር ከተናገረ 988 ቀንም ሌሊትም ይደወላል።

«ጥናቱ ውድቅ ሆኗል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ጥሩ አድርጎ አንብቧል፤ ግን ግማሹን ነው።

የሚያወራው በ2012 ስለታተመው የኒውዚላንድ ጥናት ነው። ዱኒዲን ከተማ በ1972 እና 1973 የተወለዱ 1,037 ሰዎች እስከ 38 ዓመታቸው ክትትል ተደረገባቸው። በጉርምስና ጀምረው ለዓመታት ሱስ የሆነባቸው በአማካይ 8 የአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ነጥብ አጡ ተባለ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በዓመቱ ኦሌ ሮገበርግ የተባለ የኖርዌይ ኢኮኖሚስት ልዩነቱ ከቤተሰብ ኑሮ ደረጃ ሊመጣ ይችላል ብሎ ሞገተ። በ2016 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ መንትዮችን ያነጻጸረ ጥናት ወጣ። አንዱ የሚያጨስ፣ ሌላው የማያጨስ መንትዮች መካከል በአይኪው የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ «አንዴ ያጨሰ ልጅ ይደነቁራል» የሚል ወላጅ ካለ ይተው። ጸሐፊው ልክ ነው።

ሲጨምር ደግሞ «ሰነፍ ያደርጋል የሚባለውም ተረት ነው» ይላል። ለዚህም የሚያግዘው ነገር አለ። በ2022 እንግሊዝ ውስጥ 274 አዋቂዎችንና ታዳጊዎችን ያየ ጥናት፣ የሚያጨሱት ከማያጨሱት ይልቅ ግድየለሽ ሆነው አላገኛቸውም። ልጁ ሶፋ ላይ የተጋደመው በማሪዋና ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የ16 ዓመት ልጅ ሶፋ ላይ መጋደም የጀመረው ማሪዋና ሳይመጣ ነው።

ግን አይኪው አንድ ነገር ነው፤ ስሜትና ጠባይ ሌላ። ስለ አንዱ የተባለው ተነቀፈ ማለት ስለ ሌላው የተጠናው ተሰረዘ ማለት አይደለም። በ2021 የታተመ አንድ የአውሮፓ ጥናት አለ። 799 ልጆችን በ14 ዓመታቸው፣ ገና ሳይጀምሩ፣ አንጎላቸውን በኤምአርአይ፣ የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ መሣሪያ፣ አነሳ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ አነሳ። በመሀል ማሪዋና የተጠቀሙት የፊተኛው የአንጎላቸው ሽፋን ይበልጥ ሳስቶ ተገኘ። ብዙ ያጨሰው ይበልጥ ሳስቷል። የሳሳባቸው ቦታዎች ትኩረት ከሚያሳጣ ችኩልነት ጋር ተያይዘዋል። «ቀድሞውኑ ልዩነት ነበራቸው» እንዳይባል፣ የ14 ዓመቱ ምስል ማን እንደሚያጨስ አይለይም ነበር። ይህ ጥናት የጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ አልገባም።

ያው የምርምር ቡድን ቀደም ብሎ በ2015 ሌላ ነገር አሳይቶ ነበር። ማሪዋና የሞከሩ የ14 ዓመት ልጆች የተቆጣ ፊት ሲያዩ አሚግዳላቸው ከእኩዮቻቸው ይበልጥ ይነዝራል። ይሄኛው አንዴ ብቻ የተነሳ ምስል ስለሆነ ማን ማንን እንዳመጣ አይነግረንም። ምናልባት ቁጣን የሚፈሩ ልጆች ይሆናሉ ቀድመው የሚያጨሱት። እኔ ግን ሳነበው ያ የራት ጠረጴዛ ነው የመጣብኝ።

መልካም ዜናም አለ። ቦስተን ውስጥ ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 88 ወጣቶችን ወስደው፣ ከፊሎቹ ለአንድ ወር እንዲያቆሙ አደረጉ። ያቆሙት አዲስ ነገር የመያዝ ችሎታቸው ተሻሻለ፤ አብዛኛው መሻሻል በመጀመሪያው ሳምንት ነው የታየው። ይህ በ2018 የታተመ ነው። ላጨሰ ልጅ «አለቀልህ» ከማለት ይልቅ የሚነገረው ይሄ ነው።

«እኔም አጭሼ ምንም አልሆንኩም»

ደስ ይለኛል። ከልቤ ነው። ግን ምንም ያልሆነ ሰው ነው እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚጽፈው። የሆነው ሰው አይጽፍም።

ቁጥሩን እንይ። በ2021 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች ትንተና ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ተጠቃሚዎችን አየ። በጀመሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ወደ 11 የሚጠጉት የሱስ መስፈርት አሟልተዋል። ከጀመሩ ከሦስት ዓመት በላይ የሆናቸው ደግሞ 20 ደርሰዋል። ከ18 እስከ 25 ዓመት ባሉት ላይ ይህ ቁጥር በግማሽ ያህል ያንሳል። አሥሩ ውስጥ ስምንቱ የሱስ መስፈርት አያሟሉም ማለት ነው፤ ጸሐፊው ከስምንቱ አንዱ ነው። ለልጁ ግን የትኛው እንደሚሆን የሚነግረው የለም።

ሥነ አእምሮን የሚያናጋው ደግሞ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤ ሲደርስ ግን ከባድ ነው። ስዊድን ውስጥ ወደ 45 ሺህ ገደማ የብሔራዊ ውትድርና ምልምሎችን ለ15 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ1987 ታትሟል። በ18 ዓመታቸው ከ50 ጊዜ በላይ አጭሰናል ያሉት፣ ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ አጋጣሚያቸው 6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በ2019 ደግሞ ከአውሮፓና ከብራዚል 11 ቦታዎች የተሰበሰበ ጥናት፣ ከፍተኛ ቲኤችሲ ያለውን በየቀኑ የሚያጨሱት እውነታን የሚያስት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ወደ 5 እጥፍ ይጠጋል አለ። አብዛኛው አጫሽ አያብድም። ጥያቄው ማን ይበልጥ ተጋላጭ ነው የሚለው ነው፤ አንዱ መልስ ደግሞ በቤተሰቡ ውስጥ ታሞ የነበረ ሰው ያለው ልጅ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ቤት ችግር ይመጣል። ፎርም ላይ «በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም የነበረበት አለ?» የሚል ጥያቄ አለ። ስተረጉመው ወላጅ ሁሉ ከአፌ ቀምቶ «የለም» ይላል። ስብሰባው አልቆ መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ «የእኔ ታላቅ ወንድም… ፀበል ነበር ዓመቱን ሙሉ፤ ምን ነክቶት እንደሆነ አናውቅም» ይሉኛል። ልጁ ይህን አያውቅም። አጎቱ ባሕር ማዶ ሄዷል ተብሏል። ጸሐፊው «ምንም አይሆንም» የሚለው ለዚህ ልጅም ጭምር ነው።

«የሚጎዳው የወላጅ ጩኸት ነው»

ይሄን ነጥብ ለጸሐፊው ሦስት አራተኛውን እሰጠዋለሁ። ልጁን ከቤት ማባረር፣ ዘመድ ጠርቶ ማዋረድ፣ «አገር ቤት እልክሃለሁ» ማለት ሲሠራ አላየሁም። አገር ቤት የተላከውም ልጅ ወዴት እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ቋንቋውን በደንብ የማያውቅ፣ በጭንቀቱ ላይ ስደት የተጨመረበት ልጅ ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ማሪዋና ለልጅም ለአዋቂም ወንጀል ነው። ፖሊስ መጥራትም ያው ነው። የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ ጥቁሮችና ነጮች የሚያጨሱት ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ በማሪዋና የመያዝ ዕድል ለጥቁር 3.6 እጥፍ ነው። ልጃችሁ ለፖሊሱ ሐበሻ አይደለም፤ ጥቁር ነው።

አንድ አራተኛው ግን ይቀራል። ጩኸት ይጎዳል ማለት ዝምታ ያድናል ማለት አይደለም። ጸሐፊው የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ወላጅ ነው፤ የሚጮኸውንና የሚተወውን። ሦስተኛ ዓይነት አይቻለሁ። ያ አባት በሚቀጥለው ስብሰባ ሲመጡ ራት ላይ ስለ ትምህርት መጠየቅ ትተዋል። ስለ ሥራቸው ይነግሩታል አሉ፤ ኡበር ላይ ስለሚገጥማቸው ተሳፋሪ። ለልጁ ግን በግልጽ «ቤቴ ውስጥ አይጨስም» ብለውታል። አማካሪዋ ዘንድም በየሳምንቱ ያደርሱታል። አቆመ? አላቆመም ነበር፤ ቀንሷል። ይሄን ውጤት አይደለም የሚል ካለ ከልጅ ጋር አልኖረም።

ጥያቄ አጠያየቅ ላይም ልዩነት አለ። «ለምን ታጨሳለህ?» ሲባል ልጅ ይዘጋል፤ ክስ ነው የሚሰማው። «ስትስብ ምን ይቀልልሃል?» ሲባል ግን ይናገራል። እንቅልፍ የሚል አለ። አንዷ ልጅ ምሳ ሰዓት ብቻዋን መቀመጥ ስለምትፈራ ነበር። ሁለቱ መፍትሔያቸው የተለያየ ነው፤ ማሪዋናው ግን አንድ ዓይነት ነው።

«አብረው ቤት ውስጥ ያጭሱ»

የጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያለው ይሄ ሐሳብ አዲስ መስሎ ቀርቧል፤ አዲስ አይደለም። በመጠጥ ተሞክሯል። «ውጪ ከሚጠጣ እኔ ጋ ይቅመስ» ያሉ ወላጆች አውስትራሊያ ውስጥ ተጠንተዋል። 1,927 ታዳጊዎች ለስድስት ዓመት ክትትል ተደረገባቸውና ውጤቱ በ2018 ታተመ። ወላጅ የሰጠው መጠጥ ልጁን ከምንም አልጠበቀውም። እንዲያውም ወላጅ የሰጣቸው ልጆች በቀጣዩ ዓመት ከሌላ ሰውም የማግኘት ዕድላቸው ከፍ አለ፤ ከመጠን በላይ መጠጣትና የመጠጥ ችግርም ካልተሰጣቸው ይበልጥ ታየባቸው። ያ ስለ አልኮል ነው። ማሪዋና ላይ የተለየ ይሆናል የሚል ማስረጃ ጸሐፊው ካለው ያውጣው፤ አነበዋለሁ። እስከዚያ ግን ለ15 ዓመት ልጅ የሚለኩስ አባት ለልጁ እያስተማረው ያለው፣ ሲከፋን በዚህ ቤት የምናደርገው ይሄን ነው የሚለውን ነው።